ለመብላት ስትሰበሰቡ ተጠባበቁ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የኅዳር ሚካኤልን በዓል በሰላም አሳልፈናል። እግዚአብሔር ይመስገን። እዚህ አሜሪካ እንደለመድነው በዓሉን ወደ እሑድ አምጥተን ነው ያከበርነው። ሌሊቱን ማኅሌት ተቆመ። ቅዳሴ ተቀደሰ። ታቦቱ ወጥቶ ዑደት ሲደረግ እናቶች በእልልታ አጀቡት። ብዙ ሰው ቆረበ፤ ሕፃናትም ቆረቡ። ደስ ይል ነበር።

ከዚያ ወደ አዳራሽ ወረድን። ያሳዘነኝ እዚያ ያየሁት ነው።

አባታችን ማዕዱን ገና ሳይባርኩ ሰልፍ ተያዘ። ግማሹ ሰው ሳይበላ በፎይል የተጠቀለለ ምግብ በፌስታል ወደ መኪና ይወጣ ጀመር። ሽማግሌዎች ወንበር ይዘው «ይመጣልናል» ብለው ሲጠብቁ ጎረምሶች ሁለተኛ ዙር ያነሳሉ። ከሌሊት ጀምረው ወጥ ቤት የቆሙት እኅቶች ሊበሉ ሲመጡ ዶሮው አልቋል። የቀረው ጎመንና የእንጀራ ጠርዝ ነው። ከሥራ በቀጥታ የመጣ አንድ ወንድም ባዶ ትሪ አይቶ ውኃ ጠጥቶ ተቀመጠ።

በዚህ መሐል አንዲት የደከማት እኅት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አንዳንዱ ሰው ሆዱን ብቻ ይዞ ነው የሚመጣው!» አለች። ማንን እንዳለች አላውቅም። ንዴቷም ያለ ምክንያት አልነበረም። ግን አጠገቧ የቆመው ወደዚህ አገር ከመጣ ጥቂት ወር የሆነው ልጅ ነበር። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ስም አልጠራም። ነገሩ የአንድ ደብር ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው ተነጋግረን እንጨርሰው ነበር። በሌሎች ከተሞች የሚያገለግሉ ወንድሞችም ይህንኑ ይነግሩኛል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ማዕድ እንነጋገር። ከቅዳሴ በኋላ ስላለው ስለዚያኛው ማዕድ።

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 11 ላይ ስለ ቅዱስ ቁርባን የጻፈውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጌታ አልፎ በተሰጠባት ሌሊት እንጀራን አንሥቶ እንደባረከ የሚናገረውን ክፍል ለመቁረብ ስንዘጋጅ እናነበዋለን። ሳይገባው የሚበላና የሚጠጣ ዕዳ እንዳለበት የሚናገረውንም እየተንቀጠቀጥን እንሰማዋለን። ብዙዎቻችን ንባባችንን የምንጀምረው ግን ከቁጥር 23 ነው። ሐዋርያው ያንን የሐሙስ ሌሊት እንዲያነሳ ያደረገው ምን እንደሆነ ከፍ ብለን አናይም።

ምክንያቱ ራት ነው። ምግብ ነው። እንዲህ ይላል፦ «በመብላት ጊዜ እያንዳንዱ የራሱን እራት ይበላልና፥ አንዱም ይራባል አንዱ ግን ይሰክራል። የምትበሉባቸውና የምትጠጡባቸው ቤቶች የላችሁምን? ወይስ የእግዚአብሔርን ማኅበር ትንቃላችሁን፥ አንዳችም የሌላቸውንም ታሳፍራላችሁን?»

ቆሮንቶስ የንግድ ከተማ ነበረች። በሁለት ወገን ወደብ ነበራት፤ አንደኛው በሮሜ መልእክት መጨረሻ ላይ የምናገኘው ክንክራኦስ ነው። ሀብታም ነጋዴ ነበረባት። ጫኝና አውራጅ ነበረባት። ባሪያም ነበረባት። ክርስቲያኖቹ ያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ የላቸውም። ሰፊ ቤት ባለው ሰው ዘንድ ይሰበሰቡ ነበር። ጋይዮስን አስታውሱ፤ ሐዋርያው «የእኔና የቤተ ክርስቲያን ሁሉ አስተናጋጅ» ያለው ሰው ነው። እንግዲህ ጊዜው በእጁ የሆነ ሰው ቀደም ብሎ ይመጣል፤ ምግብም ወይንም ይዞ ይመጣል። ባሪያው ግን ጌታው እስኪለቀው ነው የሚመጣው። የቀን ሠራተኛውም ሥራው ሲያልቅ ነው። ሲደርሱ ቀድሞ የመጣው ጠግቧል፤ እንዲያውም ሰክሯል። እነርሱ ደግሞ ጾማቸውን ውለዋል።

አሁን ሐዋርያው ማንን እንደሚገሥጽ ተመልከቱ። ባዶ እጁን የመጣውን ሰው አንድ ቃል አልተናገረውም። «ምን ይዘህ መጣህ?» አላለውም። የወቀሰው ያለውን ነው። የወቀሰውም ምግብ ስላመጣ አይደለም፤ ሳይጠብቅ ስለበላ ነው፤ በዚህም የሌለውን ስላሳፈረ ነው። «ምን ልበላችሁ? በዚህ ነገር ላመስግናችሁን? አላመሰግናችሁም» ይላል። ይህን የሚለው የልጆቹ አባት ነው፤ ዓመት ከመንፈቅ እየደከመ ያስተማራቸው መምህራቸው ነው። ምን ያህል ልቡ ቢያዝን ነው!

ነገሩን የምግብ ሥርዓት ማጣት ብቻ አድርጎ አላየውም። የእግዚአብሔርን ማኅበር መናቅ ነው አለው። አባቶቻችን ስለ ሥጋ ወደሙ ክብር ከዚህ ምዕራፍ የሚያስተምሩንን ሁሉ አምነን እንቀበላለን። እንግዲያውስ ያንኑ ክብር የሚናገረው ምዕራፍ የተራበውን ወንድም ከፊት እንዳቆመብን አንርሳ። ጠዋት በፍርሃት ቆርበን ቀትር ላይ አብሮን የቆረበውን ሰው ብናሳፍር ለዚያ ምን መልስ እንሰጣለን?

እኔ ግን ከምዕራፉ ሁሉ አብልጬ የምወደው ቁጥር 33ን ነው። «ስለዚህ፥ ወንድሞቼ ሆይ፥ ለመብላት በተሰበሰባችሁ ጊዜ እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ።» ያን ያህል ከባድ ተግሣጽ ካወረደ በኋላ፣ በመካከላቸው የታመሙና የደከሙ እንዳሉ ከነገራቸው በኋላ፣ መድኃኒቱ ይኸው ነው። ማዕዱን አላስቀረባቸውም። «ከእንግዲህ አብራችሁ አትብሉ» ቢላቸው ይቀል ነበር፤ ጠቡም ይቆም ነበር። እርሱ ግን እንዲበሉ ፈለገ፤ ግን ተጠባብቀው። የራበውና መታገሥ ያቃተው ደግሞ በቤቱ ቀምሶ ይምጣ አለ። «ወንድሞቼ ሆይ» ብሎ የጠራውም ሁለቱንም ነው። የሰከረውንም የተራበውንም።

መጠባበቅ ቀላል ይመስላል። ግን ሰው ሲጠብቅ ዙሪያውን ያያል። ማን እንደቀረ፣ ማን እንዳልደረሰ፣ ማን ቆሞ እንዳለ ያስተውላል። ሰልፍ ላይ የሚጋፋ ሰው የሚያየው ትሪውን ብቻ ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን መልእክት ሲተረጉም የጥንቶቹን ክርስቲያኖች ልማድ ይነግረናል። በተወሰኑ ቀናት ጸሎቱ ተፈጽሞ ከቅዱሳት ምሥጢራት ከተካፈሉ በኋላ ሁሉም ወደ አንድ ማዕድ ይሄዱ ነበር ይላል። ሀብታሞቹ ምግቡን ይዘው ይመጣሉ። ድሆቹና ምንም የሌላቸው በእነርሱ ተጠርተው ይመጣሉ። ሁሉም አብሮ ይበላል። ልብ በሉ፤ ድሆቹ ተጠርተው ነው የሚመጡት። እንደ ተረፈ ሰው ጥግ ይዘው አይደለም። የቅዱሱ ኀዘን ይህ ያማረ ልማድ በኋላ መበላሸቱ ነው።

ስለ ማዕድ ቅሬታም የተጀመረው በእኛ ዘመን አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የግሪክ አይሁድ መበለቶቻቸው በየቀኑ አገልግሎት ስለተረሱባቸው አንጐራጐሩ። ሐዋርያት «ይህ ትንሽ ነገር ነው» ብለው አላለፉትም። በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ሰባት ሰዎች አስመረጡ። ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። የዲያቆናት ሁሉ አለቃ ቅዱስ እስጢፋኖስ የተሾመው በዚያ ቀን ነው። የመበለቶች ምግብ በትክክል እንዲዳረስ ነው የተሾመው። እንግዲህ አዳራሽ ውስጥ ጭልፋ ይዛችሁ የምትቆሙ ሁሉ በማን ቦታ እንደቆማችሁ እወቁ።

ወደ ራሳችን አባቶች እንምጣ። ሰንበቴንና ጽዋ ማኅበርን ያቆዩልን ሰዎች ይህን ሁሉ አስበውበታል። በሰንበቴ ተራ አለ። የዛሬው ባለተራ ዳቦውንም ጠላውንም ንፍሮውንም እንደ አቅሙ አዘጋጅቶ ወደ ደጀ ሰላም ያመጣል። ሌላው አባል በዚያ ቀን ባዶ እጁን መጥቶ ሲበላ አያፍርም፤ ተራው ሲደርስ እርሱም ያበላል። ካህኑ ይባርካል። ነዳያን ድርሻቸው ይደርሳቸዋል። ሙሴው፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ ማን ተራው እንደሆነ ያውቃል፤ የተቸገረውንም ያውቃል። ጽዋ ማኅበርም እንዲሁ ነው። በቅዱሱ ወርኃዊ በዓል አንዱ ቤት ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ ጽዋውን የሚቀጥለው ባለተራ ይረከባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይሉ የለ?

እኛ ባሕር ማዶ መጥተን ተራውን ተውነው። በምትኩ «ሁሉም የቻለውን ያምጣ» አልን። ሲሰሙት ያምራል። ከጊዜ በኋላ ግን የቻለውን የሚያመጣው ያው የለመደው ሰው ብቻ ሆነ። በየደብሩ ሄዳችሁ እዩ፤ ሁልጊዜ የምታበስለዋን ሴት ሁሉም ያውቃታል። በዓል ሲሆን ከሥራ ወጥታ ሽንኩርት ስትከትፍ ታመሻለች። ቁሌቱ ሌሊት ይሠራል። ዶሮው ታጥቦ፣ እንቁላሉ ተቀቅሎ፣ ወጡ ወርዶ ልጆቿን አልብሳ ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ ወንጌሉ ተነቦ አልፏል። ቅዳሴውን የምትሰማው ከወጥ ቤት በድምፅ ማጉያ ነው። ማታ አዳራሹን የምትጠርገውም እርሷ ናት፤ አዳራሹ የኪራይ ከሆነ ደግሞ በሰዓቱ ማስረከብ አለ። ይህች እኅት አንድ ቀን ተማርራ ብትናገር የሚገርመኝ እስካሁን መታገሷ ነው። እኛ ነን ወደዚያ ምሬት የገፋናት።

ለዚህ በዓል ደግሞ ከዱራታዎስና ከቴዎብስታ የተሻለ መምህር የለንም። ታሪካቸውን በስንክሳርም በድርሳነ ሚካኤልም ስንሰማ ነው ያደግነው። ባልና ሚስት ናቸው። ወር በገባ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን ዝክር እያዘጋጁ ድሆችን ያበሉ ነበር። ድርቅ መጣ። ሀብታቸው አለቀ። ኅዳር 12 ሲደርስ ለዝክሩ የሚሆን ነገር አጡ። «የዘንድሮው ይቅር፤ እግዚአብሔር ችግራችንን ያያል» ማለት ይችሉ ነበር፤ ማንም አይፈርድባቸውም። እነርሱ ግን ልብሳቸውን ሸጠው ሊያደርጉት ተነሡ። ዱራታዎስ ልብሱን ይዞ ሲወጣ ቅዱስ ሚካኤል በመኮንን አምሳል ተገናኘው። ልብሱን እንዳይሸጥ ነገረው። በጉን፣ ዓሣውንና ስንዴውን በእርሱ ዋስትና ከየባለቤቱ እንዲወስድ አዘዘው። ዓሣውንም እኔ እስክመጣ እንዳትከፍተው አለው። ዝክሩ ተደረገ። ድሆቹም ጠገቡ። የዓሣው ሆድ ሲከፈት 300 የወርቅ ዲናር ተገኘ።

ስለ ወርቁ ብዙ ጊዜ ተሰብኳል። እኔ ዛሬ የማነሳው መልአኩ ቀጥሎ ያዘዛቸውን ነው። ከዚህ ወርቅ ለበጉ ባለቤት፣ ለዓሣው ባለቤት፣ ለስንዴው ባለቤት ዋጋቸውን ክፈሉ፤ የቀረው ለእናንተ ነው አላቸው። ወርቅን ከዓሣ ሆድ ያወጣ መልአክ የእረኛውን በግ በነፃ አላስበላም። ዝክሩ የእርሱ ነው፤ በዓሉ የእርሱ ነው፤ የሚበሉት ድሆች ናቸው። ቢሆንም በጉ ባለቤት አለው። ያ እረኛ ድካሙ እንዲቀርበት አልፈቀደም።

አዳራሹ ውስጥ የተደረደረውም ምግብ ባለቤት አለው ወንድሜ። ትሪው ላይ ያለው ዶሮ የአንዲት እናት እንቅልፍ ነው። እንጀራው የአንድ የኡበር ሾፌር የማታ ገንዘብ ነው። ጸበል ጸዲቅ ነውና በነፃ ይቀርብልናል። ያቀረበው ሰው ግን ከፍሎበታል።

እንግዲህ እየቻልክ የማታመጣ ወንድሜ፣ ላንተ ነው የምናገረው። ደመወዝህ ደህና ነው። ቤት ገዝተሃል፤ ይባርክልህ። ምግብ ቤት ገብተህ በልተህ ቲፕ ሳትተው መውጣት ታፍራለህ። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ግን ዓመት ሙሉ በልተህ አንድ ካርቶን ውኃ ገዝተህ አልገባህም። «እግዜር ይስጥልኝ» ሳትል ነው የምትወጣው። ማብሰል አልችልም ትላለህ፤ ማን አብስል አለህ? የወረቀት ሳህን አለ፤ ሙዝና ብርቱካን አለ፤ የቆሻሻ ከረጢት አለ። ወንበር ማጠፍ አለ፤ ድስት ማጠብ አለ። ወንዶች ጎበዝ ብለን በማኅሌት ቆመን አድረን ሰሃን ማጠብ እንዴት ያሳፍረናል? ጌታችን ፎጣ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበው እኮ ከራት ላይ ተነሥቶ ነው።

እኅቴ፣ አንቺም ሌላው ሳይበላ ለቤትሽ የምትቋጥሪው ልብ በይ። ለታመመ ሰው፣ ከቤት መውጣት ላቃታት እናት፣ ለአራስ ድርሻ መውሰድ የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ ጸበል ጸዲቅ ለቀረውም ይደርሳል። እርሱን የሚከለክል የለም። እያልኩ ያለሁት ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ጌታችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ሕዝቡን ሲያበላ በመጀመሪያ በሣሩ ላይ አስቀመጣቸው። ተጋፍተው አልወሰዱም። «አንድ ስንኳ እንዳይጠፋ የተረፈውን ቁርስራሽ አከማቹ» ያለው ደግሞ ዮሐንስ እንደጻፈው ከጠገቡ በኋላ ነው። አሥራ ሁለቱ መሶብ የሞላው ሰው ሁሉ ከጠገበ በኋላ ነው። እኛ ግን መሶቡን አስቀድመን እየሞላን የተራበውን በኋላ እንፈልገዋለን።

ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ሌላኛው ወገን መዞር አለብኝ። እዚህ ላይ ነው ልቤ ይበልጥ የሚያዝነው።

የሚያመጡና የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። ማን ኪሎ ሥጋ እንዳመጣ፣ ማን ሰላጣ ብቻ እንዳመጣ፣ ማን ምንም እንዳላመጣ ያውቃሉ። በስልክ ይነጋገሩበታል። ከዚያ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» የሚለውን የሐዋርያውን ቃል ያነሳሉ። ያ ቃል በተሰሎንቄ ሥራ እየቻሉ በሰው ጉዳይ እየገቡ ለሚዞሩ ሰዎች የተነገረ ነው። የማይወድ ነው ያለው። ሥራ አጥቶ የሚንከራተተውን አይደለም፤ ወረቀት እየጠበቀ የተቀመጠውን አይደለም፤ ልጅ ልታሳድግ መጥታ የራሷ ሳንቲም የሌላትን አያት አይደለም። ይህን ቃል ለእነርሱ ያነሳ ሰው ከቅዱስ ጳውሎስ ጋር አይደለም የቆመው፤ በቆሮንቶስ ቀድመው ከበሉት ጋር ነው የቆመው።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ምሳ ወይም እራት ስታደርግ ድሆችን ጥራ ብሎ ምክንያቱንም ነግሮናል፤ የሚመልሱት ብድራት የላቸውምና ብፁዕ ትሆናለህ አለ። አንተ ግን ያበላኸው ሰው ስላልመለሰልህ ትቆጣለህ። ብድራትህን ከእግዚአብሔር የሚያስገኝልህ እርሱ አለመመለሱ ነው! ያበሰልሽው ዶሮ ምን ያህል ጣፋጭ ቢሆን በአንድ የስድብ ቃል ይመርራል። እኅቴ፣ ድካምሽን አውቃለሁ፤ ከላይም ተናግሬልሻለሁ። ሲመርሽ ለካህኑ ንገሪ፤ ለሰበካ ጉባኤው ንገሪ፤ ሰው ይመደብልኝ በይ። መብትሽ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ምንም ሳታበስይ መጥተሽ ከሰው ጋር ተቀምጠሽ ብዪ። ጭልፋ ይዘሽ ግን ሰው አታሳፍሪ። አንዳችም የሌላቸውን ማሳፈርን ነው ሐዋርያው የእግዚአብሔርን ማኅበር ከመናቅ ጋር ያስቀመጠው።

አሁን ባዶ እጃችሁን ለምትመጡ ልናገር።

የሥራ ፈቃድህ ገና ያልወጣልህ ወንድሜ፣ ቤዝመንት ውስጥ ከአራት ሰው ጋር ተዳብለህ ምድጃ እንኳን ተራ የምትጠብቅ፣ ለአውቶቡስ የያዝከውን ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጥለህ በእግርህ የምትሄድ፤ ብላ። አትፈር። አዳራሹ ውስጥ ያለው ማዕድ የማንም የግል ግብዣ አይደለም። በቅዱሱ ስም የቀረበ ነው። ዱራታዎስና ቴዎብስታ ልብሳቸውን ሊሸጡ የወጡት እንዳንተ ያለው ሰው እንዳይቀርባቸው ብለው ነው። አንተ ከሌለህበት ዝክሩ ምን ዝክር ነው?

ስለ ሰጪ ሐዋርያው ራሱ ለነዚያው ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ 8 የጻፈውንም ያዝ፦ «በጎ ፈቃድ ቢኖር፥ እንዳለው መጠን የተወደደ ይሆናል እንጂ እንደሌለው መጠን አይደለም።» ከሌለህ ነገር አትጠየቅም። ዶሮ አምጣ የሚልህ የለም፤ ተበድረህ ዶሮ ብታመጣም ቅዱስ ሚካኤል አይደሰትብህም። ልብሱን እንዳይሸጥ ዱራታዎስን የከለከለው እርሱ ነው። በልተህ ስትጨርስ ጠረጴዛ ብትጠርግ መልካም ነው። ግን የበላህበት ዋጋ አድርገህ አትየው። የቤቱ ልጅ ስለሆንክ ነው የምትጠርገው።

እናቴ፣ እርስዎም ልጅ ለማሳደግ መጥተው በሰው እጅ የሚኖሩት፣ «ምንም ሳልይዝ እንዴት እገባለሁ» እያሉ ከቅዳሴ በኋላ ቀጥታ ወደ መኪና አይሂዱ። በአገርዎ ስንቱን ሰንበቴ አብልተዋል! ስንት ጽዋ አንሥተዋል! ያ ሁሉ በእግዚአብሔር ዘንድ ተጽፏል። ተራዎን አውጥተዋል። አሁን የእኛ ተራ ነውና ይቀመጡ፤ እናቅርብልዎ።

ምን እናድርግ ለምትሉኝ፣ መልሱ አባቶች የተዉልን ነው። ተራውን እንመልሰው። ቤተሰብ በቤተሰብ ይመዝገብና የእያንዳንዱ በዓል ባለተራ ይታወቅ። ማብሰል የማይችል በገንዘብ ይግባ፤ ገንዘብ የሌለው በጉልበት ይግባ፤ ሁለቱም የሌለው እስኪያገኝ በጸሎት ይቆይ። ማን ምን እንደሰጠ የሚያውቀው አንድ የታመነ ሰው ይሁን እንጂ በድምፅ ማጉያ አይነበብ። ትሪው ላይ ስም ተለጥፎ ፎቶ ተነሥቶ በስልክ የሚዞረውም ይቅር። ግራህ ቀኝህ የምታደርገውን አትወቅ ተብለናልና።

ደግሞም ሰልፉ ሳይጀመር የሦስት ወገን ድርሻ ይነሣ፤ የወጥ ቤቱ፣ የአገልጋዮቹና ከሥራ ዘግይተው የሚመጡት። ከሆስፒታልና ከመኪና ማቆሚያ ሺፍት ወጥቶ ለሚመጣው ሰው ተከድኖ ይቆየው። ይህን ብናደርግ ቁጥር 33ን በአንድ እሑድ ፈጸምነው ማለት ነው። ሽማግሌዎች፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ተቀምጠው ይቅረብላቸው። ወጣቶች ያቅርቡ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ይህን ከመዝሙሩ እኩል ያስተምር። ወደ ቤት የሚወሰደው ሁሉም መብላቱ ተጠይቆ፣ አባታችን ሲፈቅዱ ይሁን።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ኅዳር 21 ደግሞ ጽዮን ማርያም ናት። ማዕዱ የጾም ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት። ወጪው ከዶሮው ይቀላል፤ ማብሰል እፈራለሁ ለሚል ሰውም ሽሮ አይከብደውም። ባለፈው በዓል ያበሰሉት በዚህኛው ያርፉ። እስካሁን ተራ ያልያዛችሁ ለጽዮን ማርያም ተመዝገቡ። መዝገቡ ከሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ዘንድ ይገኛል። ድስት ያነሳችሁት ስትመጡ መልሱ። ወንዶች ከቅዳሴ በኋላ ወዲያው ወደ አዳራሽ ውረዱና ወንበር ዘርጉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።